ማማው ላይ ያልነበረው ሰው

ሰኞ መጋቢት 13 ቀን 1974 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መቶ አለቃ ጣሰው ከላብ አደሮች መዋኛ ሲደርስ፣ ሬሳው ከውሃው ወጥቶ በገንዳው ጠርዝ ሰሌን ላይ ተጋድሞ ነበር። ጎህ ሲቀድ የጀመረው ካፊያ አላባራም። በሬሳው ዙሪያ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ዝናቡን ለመሸሽ ያሰበ ግን አንድም የለም።

ሟቹ ቱሉ ጀቤሳ ይባላል፤ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የሰቃ ልጅ። ሥራው ገንዳው ዳር ከቆመው የእንጨት ማማ ላይ ተቀምጦ ዋናተኞችን መጠበቅ፣ የሚሰጥም ሲያይ ዘሎ ገብቶ ማውጣት ነበር። ሰው ከውሃ የሚያወጣ ሰው ራሱ በውሃ መሞቱ ጣሰውን ከጣቢያ ሲነሣ ጀምሮ ከንክኖታል። እሱ ዋና የሚባል አያውቅም። ትውልዱ መንዝ ነው፤ ጅማ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት በፖሊስነት ሲኖር የአወቱን ወንዝ በድልድይ እንጂ በእግሩ ተሻግሮት አያውቅም።

«ራሱን ነው ያጠፋው» አለ አንድ ወፍራም ሰው፣ ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ። የመዋኛው ሥራ አስኪያጅ ጓድ ዘለቀ ነው። «ነገሩ ግልጽ ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ። ወገቡ ላይ ጡብ አሥሮ ገባ። ጽሑፍም ትቷል። ረቡዕ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጡብናል፤ ጉዳዩ እስከ ማታ ቢዘጋልን ምን ይመስልዎታል?»

ጣሰው ሬሳውን እያየ «ከውሃው ማን አወጣው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አሉ ሽበታም ሽማግሌ። የውሃውን ሞተር የሚያንቀሳቅሱት አቶ ሙሐመድሳኒ ናቸው። «ሰኮሩ ያለች ልጄ ታማብኝ በመጀመሪያው አውቶቡስ ልሄድ ነበር። ከመሄዴ በፊት ሞተሩን ልይ ብዬ በአሥራ ሁለት ሰዓት ገባሁ። ከጥልቁ ሥር ጥቁር ነገር አየሁ። ያ ረቢ! ብርድ ልብስ የወደቀ ነው የመሰለኝ።»

«ውሃው ውስጥ ገቡ?»

«አልገባሁም። በዚያ በረጅሙ ዘንግ ስቤ ነው ያወጣሁት። ማንም አልገባም፣ ወላሂ።»

ጣሰው ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። ቱሉ ቁምጣና ከነቴራ ለብሷል። አንገቱ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ፊሽካ አለ። ተማሪዎች ከሥር እየጠለቁ የሚያወጡት በላስቲክ የተለበጠ ጡብ ወገቡ ላይ በሲባጎ ታሥሯል። ጣሰው ቋጠሮውን ከፊት ፈለገው፤ አጣው። ሬሳውን ቀስ ብሎ ገለበጠና ከጀርባው፣ ልክ አከርካሪው ላይ አገኘው። ከዚያ እጁን በሟቹ ፀጉር ውስጥ ሰደደ። ከቀኝ ጆሮው ኋላ እንቁላል የሚያህል እብጠት ነካ። ቆዳው አልተሰነጠቀም።

ቀና ሲል ዐይኑ ከአንድ መልከ መልካም ሰው እግር ላይ አረፈ። የዋና አሠልጣኙ ከተማ ነው። በዚያ ብርድና ካፊያ ቁምጣ ለብሶ ቆሟል። እግሩ የተነጨ ዶሮ ቆዳ መስሏል።

«አልበረደህም?»

«ቱታዬን ትናንት ማታ አጥቤው አልደረቀልኝም» አለ ከተማ። ድምፁ የሰለለ ነው፤ ዐይኖቹ ቀልተዋል። «ወንድሜ ነበር፣ መቶ አለቃ። እንደ ወንድሜ ነበር።»

ጣሰው ከተማ አንገቱ ላይ ያሠረውን ማተብ አየት አደረገ።

ጓድ ዘለቀ ወረቀቱን አቀበለው። በልብስ መቀየሪያው ክፍል ከሟቹ ሸሚዝ ኪስ የተገኘ ነው። ጽሑፉ አጭር ነው፦ «ልጅቷ የሞተችው በእኔ ነው። ማማው ላይ ተቀምጬ ዐይኔ አላየም። ይቅርታ አይገባኝም። ቱሉ ጀቤሳ።»

«የቷ ልጅ?» አለ ጣሰው።

ከቲኬት መስኮቱ አጠገብ ቆማ የነበረችው ቲኬት ቆራጯ ውቢት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ማልቀስ ጀመረች።

*

ነገሩን በቢሮው የነገረው ጓድ ዘለቀ ነው። ባለፈው የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ቅዳሜ፣ መዋኛው በሰው ተጨናንቆ ሳለ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ፈድሊያ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሰጠመች። ቱሉ አወጣት፤ ግን ሕይወቷ አልፎ ነበር።

«ማማው ላይ ማን ነበር?»

«ራሱ ቱሉ። ያን ቀን ተክቶት የቆየው ከተማ በስምንት ሰዓት ተኩል ማማውን እንዳስረከበውና ለሥራ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንደሄደ መስክሯል። ቱሉም አልካደም። ‹ስቀመጥ ትዝ አይለኝም፤ ግን እኔ መሆን አለብኝ› ነው ያለው። በውይይት ክበብ በሠራተኛው ፊት ግለ ሂስ አደረገ። አብዮታዊ እርምጃ አልወሰድንበትም። የሳምንት ዕረፍቱን ብቻ ሰረዝንበት።»

«ከኅዳር ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ ነው የሚሠራው?»

«ሁለተኛው ጠባቂ ዘመቻ ሄዶ ምትክ አልመጣም። ምን ላድርግ?»

«በቀን ስንት ሰዓት?»

«ከጠዋቱ አንድ እስከ ማታ አሥራ ሁለት። ቀትር ላይ ግማሽ ሰዓት ምሳ አለው። ከሰቃ መመላለሱ እንዳያደክመው ልብስ መቀየሪያው ውስጥ እንዲያድር ፈቅጄለታለሁ።» ዘለቀ ይህን የተናገረው ውለታ እንደሚቆጥር ሰው ነው።

«ስንት ሰዓት ይተኛ ነበር?»

«እሱን እኔ በምን አውቃለሁ?»

ጣሰው የሟቹን ማኅደር አስመጣ። ውስጡ ሦስት ማመልከቻዎች ነበሩ። የመጨረሻው በየካቲት የተጻፈ ነው፦ «ከልጅቷ ሞት ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ማማው ላይ ሆኜ ውሃው ሁለት ይሆንብኛል። የሌለ ሰው ሲሰጥም አያለሁ፤ የሚሰጥመውን እንዳላይ ደግሞ እፈራለሁ። አንድ ሌላ ሰው እንዲጎድል ምክንያት ሳልሆን ዕረፍት ስጡኝ፤ ወይም ወደ በር ጥበቃ ሥራ ቀይሩኝ።» በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም «ታይቷል። ወላዋይነት ነው» ተብሎ ተፈርሞበታል።

ጣሰው ፊርማውን አየ፤ ዘለቀንም አየ።

*

ውቢት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ቲኬት ትቆርጣለች። ዐይኗ አብጦ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ ነበር። ከመስኮቷ ኋላ ጠባብ አግዳሚ ላይ ሁለቱም ተቀመጡ።

«ሰካራም ሲሰድበኝ፣ ጎረምሳ በመስኮት እጁን ሲያስገባብኝ የሚደርስልኝ ቱሉ ነበር» አለች። «ለአለቃ ስናገር ‹ፈገግ እያልሽ ስለምታስተናግጂ ነው› ነው የሚለኝ። ቱሉ ግን ከማማው ላይ ሆኖ ፊሽካውን ይነፋባቸው ነበር።»

«ፊሽካ ስንት ነው ያላችሁ?»

«አንድ ናት። ማማው ላይ የወጣ ያጠልቃታል፤ ሲወርድ ለተረኛው ያጠልቅለታል። ፊሽካዋ ያለችበት አንገት፣ ተረኛው እሱ ነው።»

«ትናንት እንዴት ነበር?»

ውቢት ነጠላዋን ጨመቀችው። «እሱ ነው የገረመኝ። ሳቀ። ከኅዳር ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ማታ ስንወጣ ‹ውቢት፣ ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል› አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ባውቅ ኖሮ...»

«ምን ማለቱ ይመስልሻል?»

«እንግዲህ... ያው ይኸው ተኛ።»

«ከትናንት በፊት ያጋጠመው አዲስ ነገር አለ?»

«ምንም። ቅዳሜ እዚህ መጥቶ ሻይ ስንጠጣ ጉርድ ፎቶግራፍ አሳየሁት። ብዙ አየው። ገልብጦ ጀርባውን አነበበ። ‹አውሺኝ› ብሎ ወሰደው።»

«የማን ፎቶግራፍ?»

አቀረቀረች። «የእጮኛዬ። ስሙን አይጠይቁኝ፣ ጋሼ። እስኪሄድ ድረስ እንዳይወራ ብሎኛል።»

ከሟቹ ዕቃዎች መካከል ፎቶግራፍ አልተገኘም ነበር።

*

የፈድሊያ እናት ወይዘሮ ባህሪያ የሚኖሩት አወቱ መንደራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። በቱሉ ላይ «ልጄን እንደበላህ ውሃ ይብላህ» ብለው በአደባባይ መራገማቸውን የጅማ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጓድ ዘለቀም ጣሰው ከቢሮ ሲወጣ ተከትሎ «የግድ ሰው ገደለው ካሉ እሷን ይጠይቋት» ብሎት ነበር።

ሴትየዋ በራፋቸው ላይ ቆመው ተቀበሉት። መሞቱን ሲነግራቸው አልደነገጡም፤ አልተደሰቱምም። ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ትናንት ማታ የት ነበሩ፣ እናቴ?»

«ጎረቤቴ ለጢፋ ባሏ ሞቶባት እዚያ አመሸሁ። የመንደሩ ሴት ሁሉ አይቶኛል። ብገድለው ኖሮ በኅዳር ነበር የምገድለው።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ዓርብ ዓርብ እየመጣ ከዚያ ከአጥሩ ሥር ይቆም ነበር። አይናገር፣ አይቀመጥ። ይቆምና ይሄዳል። አንድ ቀን እንኳ በሩን አልከፈትኩለትም።»

«ባለፈው ዓርብም መጣ?»

«መጣ። ትናንትም መጣ፤ በእሑድ፣ በምሳ ሰዓት፣ እየሮጠ። ያን ቀን ተናገረ። ‹እማማ፣ እኔ አልነበርኩም! እኔ አይደለሁም!› ብሎ ጮኸ። አራት ወር ሙሉ ‹እኔ ነኝ› ሲል ከርሞ አሁን ሊክደኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። የዕቃ እጣቢውን አንሥቼ ደፋሁበት።» እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «በዚህ እጄ።»

ጣሰው ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረና «እንዲያው በአላህ ይሁንብዎትና ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት መዋኛው ድረስ ይምጡልኝ» አላቸው።

*

በሆስፒታሉ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ሁለት ነገር ነገረው። ቱሉ ውሃው ውስጥ ሲገባ ነፍሱ ነበረች፤ ከዚያ በፊት ግን ከጆሮው ኋላ አደንዝዞ የሚያስቀር ምት አርፎበታል። የመታው ነገር ከባድ ሆኖ ላዩ ለስላሳ ነው።

ጣሰው ወደ መዋኛው ሲመለስ አቶ ሙሐመድሳኒ ሞተር ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው አገኛቸው። አውቶቡሱ አምልጧቸዋል። አጠገባቸው ሊቀመጥ ሲል ሽማግሌው ጉልበቱን አመለከቱት።

«ሱሪዎ ተበላ፣ ጌታዬ።»

ጎንበስ ብሎ አየ። የካኪ ሱሪው ሁለት ጉልበቶች ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ወጥተዋል፤ ከሬሳው አጠገብ የተንበረከከበት ነው።

«ምንድን ነው?»

«ክሎሪን ነው። ዱቄቱን በጥብጬ በጥልቁ በኩል ጠርዙን ሁሉ አፈስበታለሁ፤ አረንጓዴውን ያጠፋል። ልብስ ከነካ ግን አይምርም።» የራሳቸውን ሱሪ አሳዩት፤ ዝንጉርጉር ሆኗል። «ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት ነው የማደርገው። ሰኮሩ ልሄድ ስለሆነ ግን ትናንት በአሥራ ሁለት ተኩል ጨርሼው ወጣሁ። ደህና አድርጎ አልደረቀም ነበር።»

«ይህን ለማን ነገሩ?»

«ለማን እነግራለሁ? ሰዉ ሁሉ ወጥቷል። ቱሉም ዳቦ ሊገዛ ወጣ ብሎ ነበር።»

«የውጭው በር ቁልፍ ማን ማን ጋ ነው ያለው?»

«እኔ አለኝ፤ አለቃ አለው፤ ከተማ አለው።»

ጣሰው ነጠብጣቦቹን በጣቱ እየዳሰሰ ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ወደ ቢሮው ገብቶ የሠራተኞቹን ማኅደር ሁሉ አንድ በአንድ አገላበጠ። ከአንደኛው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ጉርድ ፎቶግራፍ ነቅሎ ጀርባውን አነበበና ኪሱ ከተተ። ረዳቱን አሥር አለቃ ወደ አንድ ሰው መኖሪያ ቤት ላከ። እሱ ራሱ ፎቶግራፍ ቤቱ ወዳለበት ወደ ገበያው አቀና።

*

በአሥራ አንድ ሰዓት የተጠሩት ሁሉ በውይይት ክበቡ አዳራሽ ተቀመጡ። ጓድ ዘለቀ እንደ ልማዱ ከፊት፣ ውቢትና ከተማ ጎን ለጎን፣ አቶ ሙሐመድሳኒ ከመስኮቱ ሥር። ወይዘሮ ባህሪያ ከበሩ አጠገብ ብቻቸውን ናቸው። ጣሰው አልተቀመጠም።

«ቱሉ ራሱን አላጠፋም» አለ። «ጡቡ የታሠረው ከጀርባ ነው። በገዛ ወገቡ ላይ ገመድ የሚያሥር ሰው ከፊት ይቋጥራል እንጂ እጁን ወደ ኋላ አያጥፍም። ከጆሮው ኋላ ተመትቷል። የመታው ያው በላስቲክ የተለበጠው ጡብ ነው፤ ቆዳ ሳይሰነጥቅ ራስ ያደነዝዛል። ገዳዩ መታው፤ አሠረው፤ ወደ ውሃው ገፍቶ እስኪሞት ከጠርዙ ላይ ይዞት ቆየ።»

«ጽሑፉስ?» አለ ዘለቀ። «የእጅ ጽሑፉ የራሱ ነው!»

«ነው። መቼ የጻፈው ነው?» ወረቀቱን ከፊቱ ዘረጋለት። «አናቱ በመቀስ ተቆርጧል። እጥፋቱ አርጅቷል። ደህና አድርገው ያንብቡት፣ ጓድ ዘለቀ። የሚያውቁት ነገር ነው።»

ዘለቀ አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ግለ ሂሱ... በኅዳር ያነበበው ነው።»

«ቃላቱን የሰጠው ማን ነው?»

«እኔ... ረቂቁን እኔ ነኝ ያስጻፍኩት።»

«ሳያስታውስ የጻፈውን የጥፋት ቃል። ከስብሰባው በኋላ ወረቀቱ ማን እጅ ገባ?»

ውቢት ቀና አለች። አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው አየችው፤ መልሳ ጣሰውን አየች።

«ከተማ ነው» አለች በቀስታ። «‹አምጣው፣ እኔ አቃጥልልሃለሁ፤ ርሳው› ብሎ ከእጁ ወሰደለት። እኛ ሁላችን ደግነቱን አመሰገንን።»

«አቃጥዬው ነበር» አለ ከተማ። «ሌላ ቅጂ ይኖረው ይሆናላ።»

«ይሁን። ቱታህስ?»

«ቱታዬ ምን ሆነ?»

«ጠዋት በብርድ ቁምጣ ለብሰህ አገኘሁህ። ‹ትናንት ማታ አጠብኩት› አልከኝ። ትናንት እሑድ ነው። እኔም ባለ ማተብ ነኝ፤ በሁዳዴ፣ በሰንበት፣ ማታ ተነሥቶ ልብስ የሚያጥብ ክርስቲያን ሲገጥመኝ የቸኮለበትን ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ።» ጣሰው ምልክት ሲሰጥ አሥር አለቃው የረጠበ ሰማያዊ ቱታ ይዞ ገባ። ሁለቱ ጉልበቶች ላይ እንደ ሳንቲም የሰፉ ነጫጭ ክቦች አሉ። «እድፍ መስሎህ ፈተግከው። አይለቅም። አቶ ሙሐመድሳኒ ክሎሪኑን ያፈሰሱት ትናንት በአሥራ ሁለት ተኩል ነው። ከዚያ በፊት ጠርዙ ላይ የተንበረከከ ሰው ልብሱ አይነካም። ዛሬ ጠዋት አንተ በቁምጣ ነበርክ። ስለዚህ በዚህ ልብስ የተንበረከክበት ጊዜ በሁለቱ መካከል ነው፤ በትናንቱ ምሽት። ሰኞ ጠዋት የሚፈስ መስሎህ ነበርና አልተጠነቀቅክም።»

ከተማ ዐይኑን ከቱታው ላይ አነሣ።

«ለምን ይገድለዋል?» አሉ አቶ ሙሐመድሳኒ። «ኧረ አቦ፣ አብረው ነው የሚበሉት!»

ጣሰው ጉርድ ፎቶግራፉን አወጣ። «ይህ የከተማ ፎቶግራፍ በጓድ ዘለቀ መሳቢያ ውስጥ፣ የምሥራቅ ጀርመን የትምህርት ዕድል ቅጹ ቀሪ ቅጂ ላይ ተያይዞ አራት ወር የተቀመጠ ነው። ሌላውን ቅጂ ውቢት ለቱሉ አውሳዋለች። ጀርባው ላይ የፎቶግራፍ ቤቱ ማኅተም አለ፤ ኅዳር 12 ይላል። የሚካኤል ዕለት። አሁን ፊቱን ተመልከቱ። ኮትና ከረባት ነው። ከከረባቱ ሥር ግን አንድ ገመድ ብቅ ብሏል። ጫፉ ላይ ያለው ምንድን ነው፣ ውቢት?»

ውቢት ፎቶግራፉን ተቀበለች። ስንት ጊዜ ስማው ትራሷ ሥር ያስቀመጠችው ምስል ነው። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው።

«ፊሽካዋ ናት» አለች።

«ፎቶ አንሺው ሰውየውን ያስታውሰዋል። በዓሉ ነውና ሱቁን ሊዘጋ ሲል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀጉሩ እንደ ረጠበ እየሮጠ ገባ። ኮቱን የተዋሰው ከዚያው ከሱቁ ነው። ፊሽካዋ ያለችበት አንገት ተረኛው ነው ካልን፣ ፈድሊያ ስትሰጥም ፊሽካዋ ገበያ መሐል ነበረች። ማማው ባዶ ነበር። ቱሉ በስምንት ሰዓት ተኩል ምንም አልተረከበም።»

ከበሩ በኩል የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ባህሪያ ነጠላቸውን ነክሰው ነበር።

ከተማ ሁለት እጁን ጉልበቱ መካከል አስገብቶ ጎበጠ። ሲናገር ለጣሰው ሳይሆን ለወለሉ ነበር።

«ሃያ ደቂቃ ነው። ቅጹ በዚያው ቀን በሚሄደው መኪና ካልተላከ ዕድሉ ያመልጠኝ ነበር። ለጓድ ዘለቀ ፈቃድ ብጠይቅ አይሰጠኝም፤ ቱሉን ብቀሰቅሰው ደግሞ አሳዘነኝ፤ ለበዓሉ ከሌሊት ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ እንደ ሙት ተኝቷል። ‹ሃያ ደቂቃ ምን ይሆናል› አልኩ። ስመለስ ጩኸት ነው። ጩኸቱ ቀስቅሶት እሱ ዘሎ ገብቶ አውጥቷታል። ልጅቷን አቅፎ ተንበርክኮ ነበር። ሰዉ ሁሉ እሷን ነው የሚያየው። ፊሽካዋን አውልቄ ከኋላው አንገቱ ላይ አጠለቅኩለት። ዘወር እንኳ አላለም።»

«ከዚያ የት እንደነበረ ሲጠይቁት አላስታወሰም» አለ ጣሰው። «ከእንቅልፍ ወደ ውሃ የዘለለ፣ ከሌሊት ጀምሮ ሲሠራ የዋለ ሰው ነዋ። ፊሽካው አንገቱ ላይ ነበር፤ አመነ።»

«ትናንት ማታ ፎቶግራፉን ይዞ ጠበቀኝ። ዛተብኝ እንዳትሉ፤ አልዛተብኝም። አልተቆጣኝም እንኳ። ‹ለማንም አልናገርም፤ ሂድ፣ ተማር። ለእናቷ ብቻ ንገርልኝ› አለኝ። ሁለት ጊዜ ደገመልኝ፤ ለእናቷ ብቻ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ ተቀመጠ።» ድምፁ ተቆረጠ። «ጡቡ አጠገቤ ነበር። አንዲት እናት ካወቀች አገር ያውቃል ብዬ...»

ውቢት ከአጠገቡ ተነሥታ ሄደች። ሄዳ የቆመችው ከወይዘሮ ባህሪያ ጎን ነው። አሥር አለቃው ከተማን በካቴና አሥሮ ሲያወጣው ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ጓድ ዘለቀ ላቡን ጠረገ። «መልካም። እንግዲህ መሥሪያ ቤቱ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት ነው።»

ጣሰው ወደ እሱ ዞረ። ቀኑን ሙሉ ያልታየበት ቁጣ ፊቱ ላይ ወጣ።

«አልኩ እንዴ? ሁለት ሰው የሚሠራውን በአንድ ሰው ትከሻ ጫኑ። አልተኛሁም ብሎ ሦስት ጊዜ ጻፈልዎ፤ ወላዋይ አሉት። ያላጠፋውን ጥፋት አጽፈው በሰው ፊት አስነበቡት። ገዳዩ ራሱን ያጠፋ ሊያስመስለው ሲነሣ ምን ጎደለው? ሁሉንም አዘጋጅተው ጠበቁት። ወረቀቱ እንኳ የእርስዎ ቃል ነው። እርስዎን የምከስበት አንቀጽ የለኝም። ቢኖረኝ ግን ካቴናው ሁለት በሆነ ነበር።»

ዘለቀ መልስ ሊሰጥ ፈለገ። የሚሰማው ሰው ግን አጣ።

*

ጣሰው በዚያው ምሽት ሪፖርቱን ጻፈ። የመጨረሻውን ገጽ ለሰዓቱ፣ ለዕረፍቱና ለሦስቱ ማመልከቻዎች ሰጠው። በማግሥቱ አዛዡ ያንን ገጽ ነቅሎ መለሰለት። «ይህ የወንጀል ጉዳይ አይደለም» አለው። ረቡዕ እንግዶቹ መጡ፤ ማማው ላይ አዲስ ልጅ ተቀምጦ ነበር፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ።

ቱሉ የተቀበረው ግን ከዚያ በፊት፣ ማክሰኞ ነው። ጣሰው ሬሳውን በፖሊስ መኪና ይዞ ወደ ሰቃ ሲሄድ አወቱ መንደራ ጋ ወይዘሮ ባህሪያ መንገድ ዳር ቆመው አገኛቸው። ጥቁር ለብሰዋል። ሳይጠይቁት ገቡ፤ እሱም አልጠየቀም።

ሰቃ ሲደርሱ የሟቹ አባት አቶ ጀቤሳ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ዶማ የያዙ ሦስት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ቆመዋል። ጓድ ዘለቀ ሰኞ ረፋድ ላይ ሰው ልኮ ልጅዎ ራሱን አጠፋ ብሎ አስነግሯቸዋል። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለምና ቄሱ ከቅጥሩ ውስጥ አላስገባም ብለዋል።

«ጉድጓዱን ጀምረናል» አሉ ሽማግሌው። ዐይናቸው ደርቋል። «ጥልቅ ይሁን ብያለሁ። ጅብ እንዳያወጣው።»

«ይድፈኑት፣ አባቴ» አለ ጣሰው። «ልጅዎ ራሱን አላጠፋም። ሰው ነው የገደለው፤ ገዳዩም ተይዟል። የልጅቱም ደም የለበትም። ለቄሱ በጽሑፍ አምጥቻለሁ፤ ማኅተም አለው።»

አቶ ጀቤሳ ወረቀቱን አልተቀበሉም። ያልገባቸው ይመስል ፊቱን ብቻ ያዩት ነበር። አራት ወር ሙሉ በገበያው ሲያልፉ «ሕፃን ያስበላው ልጅ አባት» ሲባሉ የከረሙ ሰው ናቸው።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ባህሪያ ከመኪናው ወረዱ። ሽማግሌው አላወቋቸውም። ሴትየዋ ፊታቸው ደርሰው ቆሙና እንደ ለቅሶ ቤት ልማድ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጠቁ።

«እኔ የፈድሊያ እናት ነኝ» አሉ በኦሮምኛ። «ሌሎቹ ሁሉ ቆመው ሲያዩ፣ ልጄን ከውሃ ያወጣልኝ ልጅህ ነው። ልቀብረው መጥቻለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ከሰሙት ጀምሮ ያላለቀሱት አቶ ጀቤሳ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን በስሙ ጠርተው ጮኹ። ሴትየዋም አጠገባቸው ተቀመጡ። ቄሱ ወረቀቱን ከጣሰው ተቀብለው አንብበው በሩን ሲከፍቱ፣ ሦስቱ ጎረቤቶች ዶማቸውን አንሥተው አዲስ ጉድጓድ ሊቆፍሩ ወደ ቅጥሩ ውስጥ ገቡ።